ስለ ሥዕላዊ ግጥም ታሪክ የተሰጠ ማስተካከያ

ባለፈው ቅዳሜ ፒያሳ በተካሄደው የግጥም ንባብ ላይ ባደልነው ባለ ሁለት ገጽ ጽሑፍ፣ ሥዕላዊ ግጥምን፣ ማለትም ስንኞቹ የአንድን ነገር ቅርጽ ይዘው የሚደረደሩበትን ግጥም፣ በ1918 የጀመረው ፈረንሳዊው ገጣሚ ጊዮም አፖሊኔር እንደሆነ መግለጻችን ስሕተት ነው። በዚያ ዓመት፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፣ የታተመው «ካሊግራም» የተሰኘው መድበሉ ነው እንጂ ስንኝን በነገር ቅርጽ መደርደር ከዚያ እጅግ የቆየ ነው፤ ከክርስቶስ ልደት በፊት 300 ዓመት ገደማ የኖረው ግሪካዊ ገጣሚ የሮድሱ ሲሚያስ በክንፍ፣ በመጥረቢያና በእንቁላል ቅርጽ ጽፏል።

ቅርጹ «ያለ ምንም ሕግ እንዳሻ የሚመረጥ» ነው ማለታችንም አሳሳች ነው። በ1633 በታተመው የእንግሊዛዊው ገጣሚ የጆርጅ ኸርበርት «የፋሲካ ክንፎች» ውስጥ ስንኞቹ የሰውን ውድቀት እየተከተሉ ያጥራሉ፣ ድህነቱ ሲነገር ሁለት ቃል ብቻ ይቀራል፣ ከዚያም ከተስፋው ጋር መልሰው ይረዝማሉ፤ ነጻነቱ ቅርጹን ከሐሳቡ ጋር በማጋባት ላይ ነው።

ከሁሉ የከፋው ግን በራሳችን እጅ የተሠራው ነው። «ይዘንባል» በተሰኘው የአፖሊኔር ግጥም ፊደላቱ በአምስት ዘንበል ያሉ መስመሮች ከላይ ወደ ታች ይንጠባጠባሉ፤ እኛ ቦታ ለመቆጠብ ብለን መስመሮቹን አጋደምናቸው፣ ዝናቡም ቆመ። ጥፋቱ የማተሚያ ቤቱ አይደለም።

ገብረ ክርስቶስ ደስታን «የሥዕላዊ ግጥም ጸሐፊ» ያልነውም ይሰረዝ። ሠዓሊም ገጣሚም መሆኑ ብቻ ግጥሞቹን ሥዕላዊ ግጥም አያሰኛቸውም።

የታረመው ቅጂ በሚቀጥለው ቅዳሜ በዚያው አዳራሽ በር ላይ ይታደላል፤ የቀደመውን የያዛችሁ ይዛችሁ ብትመጡ እንቀይርላችኋለን።