ማስተካከያ፦ በስልክ የታዘዘ ጫማም ቀረጥ አለው

ባለፈው ሳምንት «በኢንተርኔት የሚገዛ ነገር ሁሉ ከጉምሩክ ቀረጥ ነፃ ነው» ብዬ ጽፌ ነበር። ተሳስቻለሁ፤ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ስህተቱ የገባኝ እዚሁ ድሬዳዋ፣ ታይዋን ገበያ ውስጥ የሚሠራ አንድ ነጋዴ «እንግዲያው ጫማውን ከውጭ ልዘዝ» ሲለኝ ነው። በጣም ደነገጥኩ። የሰው ገንዘብ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የዓለም ንግድ ድርጅት አባላት እ.ኤ.አ. በ1998 የተስማሙት በኤሌክትሮኒክ መንገድ በሚተላለፍ ነገር ላይ ቀረጥ ላለመጣል ነው። ከኢንተርኔት የሚወርድ ሶፍትዌር፣ ሙዚቃ፣ ዲጂታል መጽሐፍ ማለት ነው። ጫማው ግን በስልክ ቢታዘዝም የሚመጣው በካርቶን ነው። ጉምሩክ ላይ እንደ ማንኛውም ዕቃ ይታያል።

ኢትዮጵያንም ከተስማሙት አገሮች ቆጥሬያት ነበር። ያኔ አባል አልነበረችም፤ ለአባልነት ያመለከተችው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው።

«ታዳጊ አገሮች ሁሉ ደግፈውታል» ያልኩትም ልክ አይደለም። ህንድና ደቡብ አፍሪካ የቀረጥ ገቢ ያሳጣናል ብለው ለዓመታት ሞግተዋል። እኔም ክርክራቸው ሚዛን የሚደፋ ይመስለኛል። ድሮ በካሴትና በሲዲ መጥቶ ይቀረጥ የነበረው ዛሬ በኢንተርኔት ያልፋል።

የእኔን ጽሑፍ አምናችሁ ልታዙ ያሰባችሁ ካላችሁ፣ እባካችሁ ገንዘብ ከመላካችሁ በፊት ቀረጡን ጨምራችሁ አስሉ።