ጫማ እያለ በባዶ እግር

የዩኒቨርሲቲ የጥናት ጉባኤ መርሐ ግብር አይታችሁ ታውቃላችሁ? ጠዋት ትልቁ አዳራሽ ውስጥ ኢንጂነሪንግ፣ ቀጥሎ ጤና። አንትሮፖሎጂና ሶሲዮሎጂ ብዙ ጊዜ መጨረሻ ላይ ናቸው፣ ከሻይ በኋላ፣ ግማሹ ሰው አበሉን ፈርሞ ከወጣ በኋላ። አንድ ኢንጂነሪንግ የሚያስተምር ወዳጄ «እነሱ ደግሞ ምን ያጠናሉ? ወሬ ነው እኮ» ብሎኛል። ቀልዱን ነው። ግን የምሩንም እንደሆነ ሁለታችንም እናውቃለን። የ70/30 ፖሊሲ ሲመጣ ወረቀት ላይ የነበረው የቅበላ ቁጥር ብቻ ነው፤ ከ100 ተማሪ 70ው ሳይንስና ቴክኖሎጂ ይግባ፣ 30ው ማኅበራዊ ሳይንስ። ሰው ጭንቅላት ውስጥ የቀረው ግን ሌላ ነው። የሚሠራ ትምህርት አለ፣ የሚያወራ ትምህርት አለ የሚል።

በደፈናው ከመከራከር አንድ በሽታ ላንሳ። ዝሆኔ።

ዝሆኔ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው በወባ ትንኝ ዓይነት ነፍሳት በሚተላለፍ ትል የሚመጣው ነው፤ ቆላ ላይ ይበዛል። ሌላኛው ትልም ተሕዋስም የለውም። ሐኪሞቹ ፖዶኮኒዮሲስ ይሉታል። ዝናብ በሚበዛበት ደጋና ወይና ደጋ፣ ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ በተፈጠረ ቀይ አፈር ላይ፣ ለዓመታት በባዶ እግሩ ያረሰና የተመላለሰ ሰው ይይዘዋል። የአፈሩ ደቃቅ ብናኝ በእግር ቆዳ ይገባል፣ የሊምፍ ቧንቧዎችን፣ ማለትም ከሰውነት ትርፍ ፈሳሽ የሚያስወግዱትን፣ ያስቆጣል፣ ቀስ በቀስ ይደፍናቸዋል። እግር ማበጥ ይጀምራል፣ አብዛኛውን ጊዜ ከጉልበት በታች። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ወላይታና ጎጃም ያደገ ሰው ይህን ከኔ በላይ ያውቀዋል። እ.ኤ.አ. በ2013 በተደረገ አገር አቀፍ ዳሰሳ ከ1,300 በላይ ማኅበረሰቦች ውስጥ 15 ዓመት የሞላቸው ወደ 130 ሺህ የሚጠጉ ሰዎች ታይተው 4 በመቶው ይህ በሽታ ተገኝቶባቸዋል። ከሃያ አምስት ሰው አንዱ ማለት ነው።

አሁን ይህን ሁሉ ማን ደረሰበት? እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚጥመኝ። ኧርነስት ፕራይስ የሚባል እንግሊዛዊ የቀዶ ሕክምና ሐኪም እዚህ አገር ሲሠራ አንድ ነገር ከነከነው፤ በሽታው የሚከተለው ሰውን ሳይሆን መሬትን ነው። ቀይ አፈር ባለበት አለ፣ አፈሩ ሲቀየር ይጠፋል። ስለዚህ ሐኪሙ የአፈርና የድንጋይ ካርታ ማንበብ ጀመረ። ከሕመምተኞች የተወሰደ የሊምፍ ዕጢም በማይክሮስኮፕ ሲታይ የአፈር ማዕድን ብናኝ ተገኘበት። ከሱ በኋላ የማዕድን ተመራማሪዎች መጡና አፈሩን አበጥረው የትኛው ማዕድን ከበሽታው ጋር አብሮ እንደሚገኝ ፈለጉ፤ ስሜክታይት፣ ሚካ፣ ኳርትዝ የሚባሉትን ለዩ። የጤና ችግር ነው፣ ግን መልሱ ግማሽ በግማሽ የተገኘው ከጂኦሎጂ ነው።

ይህም አልበቃም። ሁለት ወንድማማቾች አንድ ማሳ ላይ፣ ሁለቱም በባዶ እግራቸው አድገው፣ አንዱ ሲታመም ሌላው ለምን ይተርፋል? ይህን የጠየቁት የዘረመል ተመራማሪዎች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው ጥናታቸው 194 ሕመምተኞችንና 203 ጤነኞችን አወዳድሮ ልዩነቱን የሰውነትን የመከላከል አቅም ከሚመሩት ጂኖች አካባቢ አገኘው። ትልቅ ግኝት ነው፣ የዓለም ትልልቅ የሕክምና መጽሔቶች ከሚባሉት አንዱ ላይ የወጣ።

ግን ከዚያ ጥናት በፊት አንድ ሌላ ጥናት ነበር፤ ስሙ ብዙ የማይነሳ። ዝሆኔ ያለበት ቤት ልጅ መዳር ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። «በዘራቸው አለ» ከተባለ አለቀ። ጤነኛዋ እህትም ባል አታገኝም። ለቅሶ ቤት ራቅ ብለው ይቀመጣሉ፣ ገበያ ላይ ዕቃቸውን የሚሸሽ አለ። እንግዲህ ወደዚህ ሰፈር ገብታችሁ «በሽታው በዘር ይተላለፍ እንደሆነ ደማችሁን ልንመረምር ነው» በሏቸው እስኪ! ተመራማሪዎቹ ብልህ ነበሩ። ደም ከመሰብሰባቸው በፊት ወላይታ ውስጥ ሰዎቹን አነጋገሩ፤ ሕመምተኛውን፣ ጎረቤቱን፣ መስክ ላይ የሚሠራውን። እ.ኤ.አ. በ2009 ባሳተሙት ላይ እንዳሉት፣ ሰው የፈራው መርፌውን አልነበረም። ጥናቱ በሽታው በቤተሰብ ያለ መሆኑን አደባባይ አውጥቶ መገለሉን እንዳያብስ ነው የሰጋው። ስለዚህ ጥናቱን እንዴት እንደሚያስረዱና በማን በኩል እንደሚገቡ መጀመሪያ አሰቡበት። ያ «ወሬ» ባይቀድም ደሙ ቢሰበሰብ እንኳ በምን ዋጋ እንደሚሰበሰብ እግዜር ይወቀው።

ወደ ጫማው እንምጣ። ይህ በሽታ ሙሉ በሙሉ መከላከል የሚቻል ነው። ከልጅነት ጀምሮ ጫማ ማድረግና እግርን በሳሙና መታጠብ፣ በቃ። መድኃኒት የለ፣ ክትባት የለ። ኢንጂነሩም ሐኪሙም በዚህ ይስማማሉ፣ ለጋሹም ደስ ይለዋል። ጫማ ይቆጠራል፣ ይከፋፈላል፣ ፎቶ ይነሳል፣ ሪፖርት ይጻፋል። ከዚያስ? ከዚያ ቤት ለቤት ዞሮ የጠየቀ ሰው ሲመጣ ሌላ ታሪክ ይሰማል። ጫማው አለ። ግን የቤተ ክርስቲያንና የገበያ ነው፤ ጭቃ ውስጥ ሊበላሽ ነው እንዴ? ሞፈር ይዞ እርጥብ ማሳ ውስጥ የሚሄድ ገበሬ ጫማው ያንሸራትተዋል፣ ጭቃ ይዞ ይከብደዋል፣ ፀሐይ ሲወጣ ያነደዋል። ስለዚህ አፈሩን በደንብ የሚረግጥበት ሰዓት፣ የእርሻው ሰዓት፣ ጫማ የማያደርግበት ሰዓት ነው። ሌላም አለ፤ «በሽታው በዘር ነው» ብሎ የሚያምን ሰው በሽታው በቤቱ ካለ ጫማ ምን ያደርግልኛል ይላል፣ ከሌለ ደግሞ እኔን አይነካኝም ይላል። በሁለቱም በኩል ጫማው ቆጥ ላይ ይቀራል። ይህን ያገኘው መለኪያ መሣሪያ አይደለም። ቁጭ ብሎ ያዳመጠ ሰው ነው።

የታመመ ሰው ደግሞ በየቀኑ የሚሠራው አለ። ገንዳ ላይ ውሃ ይቀዳል፣ እግሩን በሳሙና ያጥባል፣ ጥቂት በረኪና ጠብ የተደረገበት ውሃ ውስጥ ይዘፈዝፋል፣ በጣቶቹ መሃል ሳይቀር በጨርቅ ያደርቃል፣ ቫዝሊን ይቀባል፣ ከዚያ በፋሻ ይጠቀልልና ካልሲና ጫማ ያደርጋል። ተራ ነገር ነው የሚመስለው። ምሥራቅ ጎጃም ላይ 696 ሰዎች የተሳተፉበት ጥናት፣ እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው፣ ይህን እንክብካቤ በትክክለኛ የሕክምና ሙከራ ፈተነው። እግሩ ድንገት የሚግልበትና የሚያቃጥልበት፣ ሰውየውን አልጋ ላይ የሚጥለው ግርሻ ወዲያው እንክብካቤ በጀመሩት ላይ በዓመት በአማካይ 19.4 ጊዜ፣ ገና ባልጀመሩት ላይ 23.9 ጊዜ ነበር። ቅናሹ እንዳለ ሆኖ እኔን ያስደነገጠኝ ራሱ ቁጥሩ ነው። በዓመት ሃያ ጊዜ የሚተኛ ገበሬ መቼ ያርሳል? ደግሞ ለዚያ ሁሉ እጥበት ውሃው ከየት ይመጣል? ምንጩ ሩቅ ከሆነ፣ ቀጂዋም ሚስትየው ወይም ልጅቷ ከሆነች፣ ለእግር ማጠቢያ ተብሎ አንድ ጀሪካን ይጨመራል? ይኼ የውሃ ኢንጂነር ጥያቄ ነው። የቤት ውስጥ የሥራ ክፍፍል ጥያቄም ነው። ሁለቱን መለየት አይቻልም።

እዚህ ላይ «እንግዲህ ሁሉም ተቀላቅሎ ይሥራ» ልል የመጣሁ እንዳይመስላችሁ። ሁለገብ ጥናት የሚባለው ነገር ብዙ ጊዜ የገንዘብ ማመልከቻ ላይ የሚሞላ ክፍት ቦታ ሆኗል፤ አንድ ሶሲዮሎጂስት ስሙ ይገባል፣ መጠይቅ ይበትናል፣ አለቀ። ከላይ ያነሳኋቸው ሰዎች ለውጤት የበቁት እያንዳንዳቸው የራሳቸውን ሙያ እስከ ጥግ ስለሄዱበት ነው። የማዕድን ሰው ማዕድን አጠና፣ የዘረመል ሰው ጂን፣ የባህል ሰው ጋብቻና ሐሜት። ልዩነታቸው ነው የጠቀመው። አንዱ የሌላውን ጥያቄ በሰዓቱ መስማቱ ደግሞ ከዚያ ላይ የተጨመረ ነው። በሰዓቱ ስል ጫማው ሳይገዛ በፊት ማለቴ ነው፣ ፕሮጀክቱ ከከሸፈ በኋላ «ኅብረተሰቡ ግንዛቤ የለውም» የሚል ምዕራፍ ለመጻፍ ሳይሆን። ያቺን ዓረፍተ ነገር እኮ ስንት ሪፖርት ላይ አንብበናታል! ሰውየው ግንዛቤ አለው። ጭቃ ውስጥ የማይሆን ጫማ ነው የተሰጠው።

አንትሮፖሎጂስቶችም ከወቀሳ አያመልጡም። ጎበዝ የመስክ ሥራ ሠርተው ሲያበቁ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ልታነበው የማትችል ጽሑፍ ይጽፋሉ። ገበሬው «ያንሸራትተኛል» ያለውን ሦስት ገጽ የንድፈ ሐሳብ ትንታኔ ያደርጉትና ጫማ ሠሪው ጋ ሳይደርስ ላይብረሪ ይገባል። ወዳጄ «ወሬ ነው» ያለው ይህን አይቶ ከሆነ ትንሽ እረዳዋለሁ።

እና አሁን የቀረው ምንድን ነው? የእርሻ ጫማ። በረባሶና ኮንጎ ክፍት ናቸው፣ አፈሩ ይገባል። ሸራ ጫማ ውሃ ይጠጣል። የጎማ ቦቲ ይሞቃል፣ ዋጋውም አይቀመስም። ያበጠ እግር ደግሞ ሱቅ ካለው ቁጥር ውስጥ አንዱም አይገባም። ወላይታ ውስጥ ራሳቸው ሕመምተኞች ሰፍተው ያቀረቡት ሰፊ ጫማ ነበር ለብዙዎች የደረሰው። በየዓመቱ የመመረቂያ ፕሮጀክት ርዕስ አጥተው አውቶማቲክ የመብራት ማጥፊያ የሚደግሙ የኢንጂነሪንግ ተማሪዎች አሉን፤ የቆዳ ቴክኖሎጂ የሚያስተምሩ ክፍሎችም አሉን። በቀይ ጭቃ ላይ የማያንሸራትት፣ የሚያስተነፍስ፣ ጭቃው በቀላሉ የሚታጠብለት፣ ገበሬ ሊገዛው የሚችል ጫማ ሥሩ ቢባሉ ከጠረጴዛ ሊጀምሩ አይችሉም። ሐምሌ ላይ፣ ማሳ ውስጥ፣ ሞፈር ከያዘው ሰው ኋላ ኋላ መሄድ አለባቸው። የጉዞ አበላቸውን የሚፈርም ዲን ይገኝ እንደሆነ እንጃ።