ሱቁ ለመናፈሻው ይክፈል

ከትልቅ ከተማ ጎን ያደገች የማንኛዋንም ትንሽ ከተማ ማስተር ፕላን ዘርግታችሁ እዩ። በተለመደው አቀባብ ቢጫው መኖሪያ ቤት፣ ቀዩ ለንግድ የተመደበ መሬት፣ አረንጓዴው መናፈሻ ነው። ቀዩ የት ነው ያረፈው? ዋናው መንገድ ዳር፣ መስቀለኛው ላይ፣ ከአውራ ጎዳናው መውጫ አጠገብ። አረንጓዴውስ? ጎርፍ የሚተኛበት የወንዝ ዳር፣ ከከፍተኛ የኤሌክትሪክ መስመር ሥር፣ ቤት የማይቆምበት ተዳፋት። መናፈሻ ተብሎ የተቀባው አብዛኛውን ጊዜ ሌላ ፈላጊ ያጣ መሬት ነው።

ፕላነሮችን መውቀስ ይቻላል። እኔ ግን ነገሩ የሚበላሸው እነሱ እርሳስ ከማንሳታቸው በፊት ነው ባይ ነኝ። የሚበላሸው በጀቱ ላይ ነው። ንግድ ገቢ ያመጣል፣ መናፈሻ ወጪ ያመጣል። ሁለቱ በተለያየ መዝገብ እስከተያዙ ድረስ የትኛውም ምክር ቤት ጥሩውን መሬት ለቀዩ ይሰጣል። በእነሱ ቦታ ብሆን እኔም ሌላ የማደርግ አይመስለኝም። ስለዚህ መፍትሔው ከንቲባውን «መናፈሻ ውደድ» ብሎ መምከር አይደለም። ሁለቱን መዝገቦች ማገናኘት ነው። ከንግድ መሬት የሚገኘው ኪራይ በስሙ ተለይቶ ለመናፈሻው ይመደብ።

ገንዘብ ፕላንን እንዴት እንደሚያጣምም ካሊፎርኒያ በደንብ አሳይታለች። በ1978 (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የግዛቲቱ መራጮች «ፕሮፖዚሽን 13» የተባለውን ሕግ አጸደቁ። የንብረት ግብር ከተገመተው ዋጋ 1 በመቶ እንዳያልፍ ተወሰነ። ንብረቱ እስኪሸጥ ድረስም ግምቱ በዓመት ከ2 በመቶ በላይ እንዳያድግ ታገደ። ለባለቤቶቹ ትልቅ እፎይታ ነበር። ለከተሞቹ ግን ከቤት የሚገኘው ገቢ ተቆለፈ። ክፍት የቀረው የሽያጭ ታክስ ነው። ከእሱ ላይ ከሽያጩ 1 በመቶ የሚሆነው ድርሻ የሚሄደው ሽያጩ ወደተፈጸመበት አካባቢ ነው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ለመገመት ሊቅ መሆን አያስፈልግም። አዲስ ሰፈር ማለት ፖሊስ፣ ቆሻሻ ማንሳት፣ መንገድ መጠገን ነው። የመኪና መሸጫ ማለት ደግሞ ታክስ ነው። ከተሞች ትልልቅ መደብሮችን ለመሳብ እርስ በርስ ይሻሙ ጀመር። አንዷ የታክስ ተመላሽ ስትሰጥ ጎረቤቷ መንገድ እሠራለሁ ትላለች። በአንድ መንገድ ግራና ቀኝ ሁለት ከተሞች ሁለት የገበያ ማዕከል ያቅዳሉ። ሸማቹ ግን ያው ነው፤ ኪሱም ያው አንድ ኪስ ነው።

በዚህ ላይ ፓርኪንግ አለ። የብዙ ዳርቻ ከተሞች ደንብ ለእያንዳንዱ 93 ካሬ ሜትር ሱቅ አራት ወይም አምስት መኪና ማቆሚያ ይጠይቃል። አንድ መኪና ከመተላለፊያው ጋር 30 ካሬ ሜትር ገደማ ይይዛል። አራቱ 120 ካሬ ሜትር ሆኑ ማለት ነው። ሱቁ ከአስፋልቱ አነሰ! ያ ሁሉ ቦታ የሚሞላው በዓመት ውስጥ ለጥቂት የበዓል ግብይት ቀናት ነው። ከተማዋ «ለመናፈሻ የሚሆን መሬት የለም» ስትል መጀመሪያ እዚያ አስፋልት ላይ ቆማ ብትቆጥር ጥሩ ነበር። አንዳንዶች ነቅተዋል። የኒውዮርክ ግዛቷ ቡፋሎ በ2017 ይህን ዝቅተኛ የፓርኪንግ ግዴታ ከደንቧ አውጥታለች። ካሊፎርኒያም በ2022 ባወጣችው ሕግ ከዋና የሕዝብ ትራንስፖርት ጣቢያ በ800 ሜትር ገደማ ክልል ውስጥ ከተሞች እንዲህ ዓይነት ግዴታ እንዳይጥሉ ከልክላለች፤ ጥቂት የተለዩ ሁኔታዎች ሲቀሩ።

የሚገርመው የሞል አባት የሚባለው ሰው ራሱ ይህን አላሰበም። ቪክቶር ግሩን ከቪየና የተሰደደ አርክቴክት ነው። በ1956 በሚኒሶታ፣ ከሚኒያፖሊስ ወጣ ብላ በምትገኘው ኢዳይና፣ ሳውዝዴል የተባለውን የገበያ ማዕከል ሠራ። ሙሉ በሙሉ የተሸፈነ፣ በጋ ከክረምት ሙቀቱ የተስተካከለ የመጀመሪያው የአሜሪካ ሞል ይባላል። ግሩን በእቅዱ ዙሪያውን ቤቶች፣ ትምህርት ቤት፣ መናፈሻና ሐይቅ አስቦ ነበር። ያኔ የተሠራው ሞሉና የመኪና ማቆሚያው ነው። ሌላው አገር የቀዳውም ያንኑ ነው። ግሩን በእርጅናው ዘመን ይህን የሞል ዓይነት አምርሮ ይነቅፍ ነበር። እቅዱ ላይ አረንጓዴ መሣል በቂ አለመሆኑን ከዚህ በላይ የሚያስረዳ የለም። ለአረንጓዴው የሚከፍል አካል ካልተሣለ ቀለሙ ይለቅቃል።

«አልሚው ይክፈል» የሚል መልስ አለ። መጥፎ መልስ አይደለም። ካሊፎርኒያ በ1965 ያወጣችው «ኩዊምቢ አክት» ከተሞች ቤት ሠሪዎችን ለ1,000 ነዋሪ 1.2 ሄክታር የመናፈሻ መሬት፣ ወይም ተመጣጣኙን ገንዘብ እንዲጠይቁ ይፈቅዳል። ነባር መናፈሻ በበቂ ያላት ከተማ እስከ 2 ሄክታር ድረስ መጠየቅ ትችላለች። ሕጉ ግን ሁለት ቀዳዳ አለው። አንደኛ፣ የሚመለከተው መኖሪያ ቤት የሚሠራውን ነው፤ የንግድ መሬት ነፃ ነው። ሁለተኛ፣ ገንዘቡ መናፈሻ ለመሥራትና ለማደስ እንጂ ለየዕለቱ እንክብካቤ አይውልም። መናፈሻ ደግሞ የሚሞተው በምረቃው ቀን አይደለም። ሪባን ተቆርጦ፣ ፎቶ ተነሥቶ፣ ሁሉም ከሄደ በኋላ ሣሩን የሚያጭድ፣ ሽንት ቤቱን የሚያጥብ፣ የተሰበረውን ዥዋዥዌ የሚጠግን ሲጠፋ ነው። በጀት ሲጠብ መጀመሪያ የሚቆረጠው ያ አትክልተኛ ነው።

የንግዱን መሬትስ በፈቃድ ጊዜ መያዝ አይቻልም? ኦሪጎን ውስጥ፣ ከፖርትላንድ አጠገብ ያለችው ታይጋርድ ሞክራዋለች። የቧንቧና የኤሌክትሪክ ዕቃ መደብር ባለቤት ሱቃቸውን በእጥፍ ገደማ ለማስፋት፣ ፓርኪንጉንም አስፋልት ለማድረግ ጠየቁ። ከተማዋ ፈቃዱን የምሰጠው በፋኖ ወንዝ ዳር ያለው የጎርፍ ሜዳ ለአረንጓዴ ቦታ፣ አጠገቡ ያለው ሰቅ ደግሞ ለእግረኛና ለብስክሌት መንገድ ከተለቀቀ ነው አለች። ሁለቱ አንድ ላይ የይዞታው 10 በመቶ ገደማ ነበሩ። ክርክሩ እስከ አሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሄደ። ፍርድ ቤቱ በ1994፣ 5 ለ 4 በሆነ ድምፅ፣ ከተማዋ የምትወስደው መሬት ሱቁ ከሚያስከትለው ጫና ጋር ተመጣጣኝ መሆኑን አላሳየችም ብሎ በየነባት። በመጨረሻ ጉዳዩ በስምምነት ሲዘጋ ከተማዋ ከ1 ሚሊዮን ዶላር በላይ ከፈለች።

በዚህ ፍርድ ብዙ የከተማ ሠራተኞች ተበሳጭተዋል። እኔ ለባለሱቋም አዝናለሁ። መሬቱ ቀድሞ በግል እጅ ገብቷል፤ ከተማዋ ከዓመታት በኋላ የመጣችው በፈቃድ ማኅተም ለመለመን ነው። ያ የእቅድ ሥራ አይደለም። እቅድ መሬቱ ሳይሸጥ ነው።

ሳይሸጥ ያደረገችው የእንግሊዟ ሚልተን ኪንስ ናት። ከለንደን ሰሜን ምዕራብ 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ በ1967 አዲስ ከተማ እንድትሆን ተወሰነች። ስትጸነስ ጀምሮ የመኪና ከተማ ናት፤ አደባባዩና ሰፋፊ መንገዱ ብዙ ተቀልዶበታል፣ ቀልዱም ያለምክንያት አይደለም። መሬቱን በአንድ እጅ ሰብስቦ የሚያለማ ኮርፖሬሽን ነበራት። ይህ ኮርፖሬሽን በ1992 ሊፈርስ ሲል ጥያቄ ተነሣ፤ መናፈሻዎቹን ማን ይረከብ? ለማዘጋጃ ቤቱ ቢሰጡ በጀት በጠበበ ቁጥር ይቆረጥባቸዋል ተብሎ ተሠጋ። ስለዚህ ራሱን የቻለ በጎ አድራጎት ድርጅት ተቋቋመ፣ ፓርክስ ትረስት ይባላል። መናፈሻዎቹን ለ999 ዓመት በሊዝ ተረከበ። ከዚያ ጋር 20 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ መነሻ ሀብት ተሰጠው። አብዛኛው ሀብት ግን ጥሬ ገንዘብ ሳይሆን የሚከራይ የንግድ ንብረት ነበር። ኪራዩ ሣሩን ያሳጭዳል፣ ዛፉን ያስገርዛል፣ የሐይቁን ዳር ያስጠርጋል። ምክር ቤቱ ውስጥ ማንም አሸነፈ ማን፣ የአትክልተኛው ደመወዝ ከዓመታዊው የበጀት ክርክር ውጪ ነው።

እዚያም ቢሆን ብዙው አረንጓዴ ያረፈው በወንዝ ሸለቆ ላይ ነው። ወንዝ ዳር መሆኑ በራሱ ነውር የለውም ማለት ነው። ሐይቆቹ የተቆፈሩት የዝናቡን ጎርፍ እንዲይዙም ጭምር ነው፤ መናፈሻዎቹም በቤቶቹ መካከል እንዲያልፉ ተደርገው ታቅደዋል። ከትርፍ መሬት የሚለያቸው ሐሳብና ገንዘብ አብሯቸው መመደቡ ነው።

እንግዲህ አዲስ የንግድ ቀጣና የምትከፍት ከተማ ከዚህ ምን ትውሰድ? ሁሉንም መሬት አትሽጥ። የተወሰነውን፣ በተለይ መስቀለኛ ላይ ያለውንና ኪራዩ የማይነጥፈውን፣ በራሷ ስም አስቀርታ ታከራይ። ኪራዩ ወደ ጠቅላላ ካዝና አይግባ። ወደ ጠቅላላ ካዝና የገባ ገንዘብ ስሙ ይጠፋል። የፈንዱ መተዳደሪያ ደንብ ለመናፈሻ እንክብካቤ ብቻ ይበል፤ ለመለወጥም ከተራ ድምፅ በላይ ይጠይቅ።

መለኪያውም ይቀየር። «ለ1,000 ሰው ይህን ያህል ሄክታር» የሚለው ቁጥር ያታልላል። ከከተማ ጫፍ አንድ ሰፊ ጫካ ካለ አማካዩ ያምራል፣ መሐል ሰፈር ያለው ልጅ ግን ኳሱን ፓርኪንግ ውስጥ ይመታል። የዓለም ጤና ድርጅት የአውሮፓ ቢሮ ያቀረበው መለኪያ ይሻላል፤ ከእያንዳንዱ ቤት በ300 ሜትር ውስጥ ቢያንስ ከግማሽ እስከ 1 ሄክታር የሆነ ለሕዝብ ክፍት አረንጓዴ ቦታ። አምስት ደቂቃ የእግር መንገድ ነው። ይህን ካርታው ላይ በክብ ብትሥሉት የሚጎድለው የት እንደሆነ ወዲያው ይታያል።

ነጋዴው «ለምን በእኔ ኪራይ?» ሊል ይችላል፣ ይበል። የሚከፍለው ለመሬቱ የሚገባውን ኪራይ ነው፤ ተጨማሪ ቅጣት አልተጣለበትም። ከበድ የሚለው ተቃውሞ ሌላ ነው፤ ኪራይ ራሱ ይወድቃል። አሜሪካ ውስጥ ከጠቅላላው የችርቻሮ ሽያጭ 16 በመቶ ገደማው ዛሬ በኢንተርኔት ነው። በልብስ መደብር ላይ ብቻ የተንጠለጠለ ፈንድ ከመደብሩ ጋር ይዘጋል። ስለዚህ ፈንዱ ክሊኒክም፣ ቢሮም፣ መጋዘንም፣ ምግብ ቤትም ይኑረው፤ በደህና ዘመን የሚተርፈውንም ያስቀምጥ። ስጋቱን ሙሉ በሙሉ አያስቀርም። ግን በየዓመቱ ከፖሊስና ከመንገድ ጋር ተሰልፎ በጀት ከሚለምን መናፈሻ ይልቅ በብዙ ዓይነት ተከራይ የሚደገፈው ይሻለኛል።

መሬታቸውን ሸጠው የጨረሱ ከተሞችስ? እነሱም በር አላቸው፤ በሩ የሞተው ሞል ነው። በኮሎራዶ፣ ከዴንቨር አጠገብ ያለችው ሌክዉድ በ1966 የተከፈተ ቪላ ኢታሊያ የሚባል ሰፊ ሞል ነበራት። በ2001 ሲዘጋ «ሌላ ሞል ይመጣል» ብላ አልጠበቀችም። ቦታው በመንገዶች ተከፋፍሎ ሱቅ፣ ቢሮ፣ መኖሪያ ቤትና አደባባይ ያለው ቤልማር የተባለ መሐል ከተማ ሆነ። በኮኔቲከቷ ሜሪደን ደግሞ በተቀበረ ወንዝ ላይ የነበረ ሞል ፈርሶ፣ ወንዙ ተከፍቶ፣ 14 ኤከር ገደማ፣ ማለትም ወደ 6 ሄክታር የሚጠጋ መናፈሻ በ2016 ተመርቋል። ከተማዋን ሲያጥለቀልቅ የነበረውን ጎርፍ አሁን የሚይዘው እሱ ነው።

ባዶ ሞል የያዘ ባለንብረት ብዙውን ጊዜ ራሱ ወደ ማዘጋጃ ቤት ይመጣል። ቀዩን ወደ ቢጫ ቀይሩልኝ፣ አፓርታማ ልሥራ ይላል። የቀለም ለውጡ ብቻ የመሬቱን ዋጋ ሊያንር ይችላል፣ እሱም ያውቀዋል። ከተማዋ ለድርድር ጉልበት ያላት ያን ቀን ነው፤ ፊርማው ሳይደርቅ አስፋልቱን ለመናፈሻ፣ ከምድር ቤቱ ሱቆች የተወሰኑትን ደግሞ ለመናፈሻው ፈንድ ትጠይቅ። ጥያቄው ከሚገነባው ቤት ብዛት ጋር ይመጣጠን እንጂ፣ ታይጋርድን ፍርድ ቤት ያቆማት ዓይነት ክርክር የሚነሣበት ምክንያት ይቀንሳል።