ያልተጠየቀችው ሙሽራ

ስለ ጥንታዊ የሂንዱ ተረቶች ሲነሳ ብዙ ሰው ቶሎ ትዝ የሚለው ሲታ ናት። ባሏን ተከትላ ጫካ የወረደች፣ ንጽሕናዋን ለማስመስከር እሳት ውስጥ የገባች ሚስት። "የዚያ ዘመን ሴት እንዲህ ነበረች" ይባልና ወሬው ይዘጋል። እኔ በዚህ አልስማማም።

በ11ኛው ክፍለ ዘመን የካሽሚሩ ሶማዴቫ ንግሥት ሱርያቫቲን ለማጫወት በሳንስክሪት በጻፈው ካታሳሪትሳጋራ የተባለ የተረት ስብስብ ውስጥ ከዛፍ ያወረደውን ሬሳ ተሸክሞ የሚጓዝ ንጉሥ አለ። ሬሳው ላይ የሰፈረው መንፈስ፣ ቬታላ፣ ተረት እየነገረ በጥያቄ ያፋጥጠዋል። መልሱን እያወቀ ዝም ካለ ጭንቅላቱ ይፈነዳል። ከመለሰ ደግሞ ሬሳው ወደ ዛፉ ይመለስበታል። ሁለቱም አያዋጡም።

ከተረቶቹ አንዱ የማዳናሴና ነው። ለሌላ ታጭታ ሳለ አንድ ጎረምሳ አላስቆም አላስቀምጥ ይላታል። "ስዳር፣ ባሌ ሳይነካኝ አንተ ጋ እመጣለሁ" ብላ በመሐላ ታመልጠዋለች። በሠርጓ ሌሊት ለባሏ እውነቱን ነገረችው። ሂጂ አላት። መንገድ ላይ ሌባ ያዛት። ጌጤን ውሰድ ብትለው የምፈልገው አንቺን ነው አለ። እሱንም እመለሳለሁ ብላ ለመነችውና ለቀቃት። ጎረምሳው ሲያያት "አሁንማ የሰው ሚስት ነሽ" ብሎ መለሳት። ሌባውም ቃሏን ጠብቃ ስትመጣ ከነጌጧ ሸኛት።

ቬታላ ጠየቀ፦ ከሦስቱ ወንዶች ደጉ ማን ነው? ንጉሡ "ሌባው" አለ። ባልየው ልቧ ሌላ ጋ ያለ መስሎት ነው የለቀቃት፤ ጎረምሳው ቅጣት ፈርቷል፤ ሌባው ግን የሚያስገድደው ነገር አልነበረም።

ብልህ መልስ ነው። ግን ጥያቄው ራሱ ጎዶሎ ነው። በጨለማ እየተመላለሰች ቃሏን ያላጠፈችው እሷ አይደለችም እንዴ? ደግሞስ ተገድዶ የተማለ መሐላ ይጠበቃል? ተረቱ ይህን አይፈርድም፤ የምወድለትም ለዚህ ነው።

ሹካሳፕታቲ በሚባለው የ70 ተረቶች ስብስብ ደግሞ ባሏ ርቆ የሄደ ሚስት ወደ ውሽማዋ ልትወጣ ትነሳለች። የገሠጸቻትን ወፍ አንገቷን ልታንቅ ነበር፤ በርራ አመለጠች። ሌላው የቤቱ ወፍ፣ በቀቀኑ፣ ግን አይቆጣም። "ሂጂ፣ ግን ብትያዢ እንደ እገሊት ማምለጫ ታውቂያለሽ?" ይልና ተረቱን ይጀምራል። ስትሰማ ይነጋል። በብዙዎቹ ተረቶች ሴቶቹ ይዋሻሉ፣ ባሎቻቸውን ያታልላሉ፣ ብልጠታቸውም ይደነቃል። እርግጥ ነው፣ በቀቀኑም ያው የባልየው ዘበኛ ነው።

ወደ ማዳናሴና ስመለስ አንድ ነገር ይከነክነኛል። መልሱን የሰጠው ንጉሥ ነው፤ ተረቱ የተጻፈላት ግን ንግሥት ናት። እሷ ብትጠየቅ ሌባውን ትመርጥ ነበር?