ይድረስ ለሞተር ሳይክል፦ ስፔሻሊቲዬን ስለመረጥክልኝ

ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? እኔ ከእንቅልፍ እጦት በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ናፍቆት የለብኝም። ተረኛ በሆንኩ ቁጥር መልእክትህ ይደርሰኛል። አንተ ፖሊስ ጣቢያ ግቢ ትቀርና የሰበርካቸውን እግሮች ትልካለህ።

የጻፍኩልህ ላመሰግንህ ነው። ሰው ሁሉ "ኦርቶፔዲክስን (የአጥንት ሕክምናን) እንዴት መረጥሽ?" ይለኛል። እኔ ምኑን መረጥኩት! ኢንተርን (ተለማማጅ ሐኪም) ሳለሁ ሐሳቤ ቆዳ ነበር። የቆዳ ሐኪም በሌሊት አይጠራም፤ ሽፍታ እስኪነጋ ይታገሳል። እናቴም ተስማምታ ነበር፤ ክሊኒኬን ሁሉ በሐሳቧ ከፍታ ጨርሳለች። ከዚያ ጂፒ (ጠቅላላ ሐኪም) ሆኜ አንተ ወደነገሥክባት ከተማ ተመደብኩ።

እዚህ አንተ ላይ ሦስት ሰው ይፈናጠጣል። በበዓል ዋዜማ በግ ይጨመራል። በጉ መሃል ስለሚቀመጥ ደህና የሚደርሰው እሱ ብቻ ነው። አሽከርካሪህ ለንፋሱ ብሎ ጃኬቱን የፊቱን ወደ ኋላ አድርጎ ይለብሳል፤ እግሩ ግን ነጠላ ጫማ ነው። ሄልሜቱ? ትራፊክ ፖሊስ እስኪታይ ክርኑ ላይ ይንጠለጠላል። ለዚህ ምስጋናዬ ይድረሰው፤ ሄልሜት ያጠለቀ ክርን ተሰብሮ አይቼ አላውቅም።

ከሁሉ አብልጠህ የምትወደው ቅልጥም ነው። ምርጫህ የባለሙያ ነው። ከፊት በኩል አጥንቱን የሚሸፍነው ቆዳ ብቻ ስለሆነ ሲሰበር ቀዶ ይወጣል። አሸዋውንና የሱሪውን ክር ለቅሞ ይጠብቀኛል። አንቲባዮቲክ ቶሎ መስጠት፣ የመንጋጋ ቆልፍ መከላከያ መውጋት፣ በጨው ውኃ ማጠብ፣ ማጠብ፣ አሁንም ማጠብ፤ ከዚያ እግሩን ደግፎ አስሮ ሪፈር መጻፍ። "የጉዳቱ ምክንያት" ከሚለው ቦታ ስደርስ እጄ ሳላዝዘው ስምህን ይጽፋል።

በር ላይ ቤተሰብ ይጠብቀኛል። "ዶክተርዬ፣ እንዳይቆረጥ! ወጌሻ ብናሳየውስ?" አንዳንዱ ሌሊቱን ይዞት ይጠፋል። ከልክ በላይ የጠበቀ የቀርከሃ እስር ደም ያግድና ጣቶቹ ጠቁረው ይመለሳሉ። የሚቆረጠው ያኔ ነው፤ ቆራጭ የምንባለው ግን እኛ ነን። ይሄን በአንተ አላሳብብም።

ጭናቸውን የሰበርክባቸው ደግሞ አልጋ ይዘው ይቀራሉ። ከጉልበት በታች ባለው አጥንት ብረት ይሻገርና ገመድ ይታሰርበታል፤ ጫፉ ላይ ክብደት ይንጠለጠላል። ክብደት ከጠፋ የአሸዋ ከረጢት። እንዲህ ሆኖ ሳምንታት ነው። ገበሬ ከሆነ የእርሻው ወቅት ጣሪያ እያየ ያልፈዋል።

ቆዳን ያስረሳኝ አንድ ሪፈር ያልኩት ልጅ ነው። ኦፕራሲዮን ሲደረግ ገብቼ አየሁ። ጭኑ ውስጥ የገባው "ሳይን" የሚባለው ረጅም ብረት ነው። በ1999 እ.ኤ.አ. የተመሠረተ የአሜሪካ በጎ አድራጎት ድርጅት ነው የሚያመርተው፤ ሐኪሙ ራጁን ሲልክላቸው የተጠቀመበትን ይተኩለታል። አጥንቱን በስክሪን የሚያሳየው የራጅ ማሽን በሌለበት እንዲሠራ የታሰበ ነው። ሐኪሙ ከውጭ በተገጠመ መለኪያ እየተመራ፣ አጥንት ውስጥ በገባው ብረት ላይ ያለውን የማይታይ ቀዳዳ በጣቱ ስሜት ፈለገው። ብረት ብረትን ነካ። "ገባ" አለ፣ ቡና የቀረበለት ያህል ተረጋግቶ። ሳምንት ሳይሞላ ልጁ በክራንች ራሱ ሽንት ቤት ሄደ። ከዚያ ወዲያ ምን ሽፍታ ይታየኛል?

ጓደኞቼ "አናጺ ልትሆኚ?" ይሉኛል። "ኦርቶ ጉልበት ይፈልጋል፤ ለሴት ይከብዳል" ያለኝም አለ። ድሪሉ በሞተር እንደሚዞር የነገረው የለም መሰለኝ።

አዲስ አበባ በ2011 ዓ.ም. ስትገድብህ አበቃልህ ብዬ ነበር። ለካ ዴሊቨሪ የሚባል ነገር አለ፤ በርገር ተሸክመህ ከች።

አሁን ለሬዚደንሲ (ለስፔሻሊቲ ሥልጠና) መግቢያ ፈተና እያጠናሁ ነው። አንደኛ ምርጫዬ ኦርቶፔዲክስ፣ ሁለተኛውም ኦርቶፔዲክስ፤ የሚለያየው ሆስፒታሉ ነው። እስከዚያ እባክህ ቅዳሜ ቅዳሜ ቀስ በልልኝ። መጽሐፉ ወፍራም ነው፤ ገና የእጅ አጥንት ላይ ነኝ።

ከአክብሮት ጋር
ተረኛዋ ጂፒ

ግልባጭ፦
ለነጠላ ጫማ አከፋፋዮች
ገና ላልተሠራው የፍጥነት መቀነሻ