«ምርጥ ስብስብ» አትስጡኝ፤ አልበሙን ስጡኝ

እስቲ አንዳችሁ አስረዱኝ። የድሮ አልበም ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ፣ በወጣበት ቅደም ተከተል፣ ማንም መሃል ሳይገባ መስማት መቼ ነው እንዲህ ብርቅ የሆነው? አልበም ነው ያልኩት። አንድ ዘፈን አላልኩም። «ቆየት ያሉ ምርጥ የትዝታ ዘፈኖች ስብስብ» አላልኩም። አንድ ሰው ግጥምና ዜማ ለምኖ፣ ከባንድ ጋር ወራት ተለማምዶ የሠራውን፣ ሳይድ ኤ እና ሳይድ ቢ ያለውን ሙሉ ሥራ ነው የምለው።

ደሴ ክረምት ላይ ምን እንደምትመስል የምታውቁ ታውቃላችሁ። ጦሳ ተራራ በጉም ተሸፍኖ ይውላል፣ ከሰዓት በኋላ ዝናብ ነው፣ መብራት ካለ ቤት ቁጭ ብሎ ሙዚቃ ከመስማት ሌላ ምን ይሠራል? ስልኬን አነሳሁና የማሪቱ ለገሰን የድሮ ካሴት ፈለግኩ። ማሪቱን እኮ ነው! ከወሎው የላሊበላ ኪነት ቡድን የወጣችውን፣ አምባሰል የሚባለው የዜማ ቅኝት ሲነሳ መጀመሪያ ስሟ የሚነሳውን ሴትዮ። አምባሰል ከዚህ ቅርብ ነው፣ ባቲም ከኮምቦልቻ ወደ ታች ወረድ ብሎ ነው፣ ቅኝቶቹ የተጠሩበት አገር መሃል ተቀምጬ የማሪቱን አንድ ሙሉ አልበም አጣሁ።

ያገኘሁትን ልንገራችሁ። አንዱ ቻናል ሁለት ዘፈን ጭኗል። ሌላው ሦስት ጭኖ ርዕሳቸውን በራሱ ቀይሮታል። አንደኛው ፎቶዋ ቢያጣ የሌላ ዘፋኝ ፎቶ ለጥፏል፣ ያቺም ሴትዮ ምን በወጣት! ይባስ ብሎ መግቢያው ተቆርጧል። አምባሰል እኮ ዘው ተብሎ አይገባም፣ መሰንቆው ቀስ እያለ ነው የሚያስገባህ፣ ሰውየው ግን ረዘመብኝ ብሎ መሰለኝ ቀጥታ ከድምፅዋ ጀመረው። ልክ ሆዴ መባባት ሲጀምር ደግሞ «ሰብስክራይብ ማድረግ እንዳይረሱ!» የሚል የጎረምሳ ድምፅ። ወላሂ ስልኩን ልወረውረው ነበር።

«ዘፈኑን እስካገኘኸው ድረስ ምን ቸገረህ» የሚል አይጠፋም። ቸገረኝ! ምክንያቱም እኔ ዘፈኖቹን የማስታውሳቸው በተራቸው ነው። አንዱ ሊያልቅ ሲል ቀጣዩን ጆሮዬ ቀድሞ ጀምሮታል። መሃላቸው ያለችውን ጸጥታ ራሷን አውቃታለሁ። ተራውን ስትበጠብጠው የኔንም ነገር አብረህ ትበጠብጠዋለህ።

አጎቴ ከደሴ ኮምቦልቻ ይነዳ ነበር። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ አብዛኛው ቁልቁለት። የ60 ደቂቃ ካሴት ደግሞ አንዱ ጎን 30 ደቂቃ ነው። ስለዚህ የማህሙድ አህመድ ካሴት ሳይድ ኤ ከደሴ ስንነሳ ይጀምርና፣ ሐረጎ ጠመዝማዛው ላይ ጉሙ መኪናውን ሲውጠው መሃል ላይ ይደርሳል፣ ኮምቦልቻ ሙቀቱ ሲቀበለን፣ ሰው ጃኬቱን ሲያወልቅ፣ ቀጭ ብሎ ይቆማል። አጎቴ ካሴቱን ሳያይ በአንድ እጁ ይገለብጠዋል። ስንመለስ ሳይድ ቢ። እኔ ዛሬም ሐረጎ መታጠፊያው ላይ ስደርስ ያው አራተኛው ዘፈን ነው አፌ ላይ የሚመጣው፣ ሚኒባሱ ውስጥ የተከፈተው ሌላ ቢሆንም። ሦስተኛው ዘፈን ደግሞ እውነቱን ለመናገር ደካማ ነበር። ማህሙድን ብወድም ደካማ ነበር። አጎቴም እሱ ሲመጣ ነበር ከረዳቱ ጋር ስለ ሒሳብ የሚጨቃጨቀው። እኔ ግን እሱንም ዘፈን እፈልገዋለሁ! ከድፎ ዳቦ ልቡን ብቻ ፈልቅቀህ ስትሰጠኝ ዳቦ በላህ ማለት አትችልም።

(በነገራችን ላይ እኛም ቤት ንጹሕ አልነበርንም። ካሴት እንዳይቀዳበት ከላይ ያለችው ትንሽ ፕላስቲክ ትሰበራለች አይደል? ታላቅ እህቴ ቀዳዳውን በወረቀት ጠቅጥቃ የበዛወርቅ አስፋው ካሴት መጨረሻ ላይ የአክስታችንን ልጅ ሠርግ ቀድታበታለች። ትዝታው በሐዘን እየሄደ ድንገት እልልታ ይገባል። ለኔ የዚያ ዘፈን ትክክለኛው መጨረሻ እሱ ነው፣ ኦሪጅናሉን ስሰማ እልልታው ይጎድልብኛል። ይሄኛውን ይቅር ብያለሁ፣ ቢያንስ ሰብስክራይብ አድርጉ አላለችም።)

ሌላው የሚያበግነኝ የሠሪዎቹ ስም ነው። ካሴት ስትገዛ ወረቀቱን ዘርግተህ ታነብ ነበር። ግጥም እገሌ፣ ዜማ እገሌ፣ አጃቢ እገሌ ባንድ። እኔ ይልማ ገብረአብ የሚባል ገጣሚ፣ አበበ መለሰ የሚባል የዜማ ሰው መኖሩን ያወቅኩት ከካሴት ወረቀት ነው። ሮሃ ባንድ ለስንቱ ዘፋኝ እንደተጫወተ፣ ጊታሩ የሰላም ስዩም፣ ቤዙ የጆቫኒ ሪኮ መሆኑን ሰፈር ውስጥ እንከራከርበት ነበር። አሁን የጫነው ሰው የራሱን ስም በትልቁ ዘፈኑ ላይ ይጽፍና የሠሩትን ሰዎች አንዳቸውንም አያነሳም። የኮፒራይት አዋጅ ቁጥር 410/1996 የሚባል ሕግ አለን እኮ፣ የሥራው አመንጪ ስሙ እንዲጠቀስለት መብት አለው ይላል። ማን አንብቦት!

የሚያናድደው ደግሞ ሌላ ሰው ሲሠራው ማየት ነው። ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ «ኢትዮፒክስ» ብሎ የኛን እ.ኤ.አ. የ1960ዎቹንና የ1970ዎቹን ሸክላዎች እየሰበሰበ፣ ከነማብራሪያቸው በሲዲ አወጣልን። ኃይሉ መርጊያ እ.ኤ.አ. በ1985 ብቻውን፣ በአኮርዲዮንና በኪቦርድ የሠራው ካሴት አለ። አንድ አሜሪካዊ ባሕር ዳር ሙዚቃ ቤት ውስጥ አገኘው፣ ባለቤቱን ፈልጎ አነጋገረና እ.ኤ.አ. በ2013 በሥርዓቱ እንደገና ታተመ። ኃይሉ በዚያን ጊዜ ዋሽንግተን ታክሲ ይነዳ ነበር፣ ከዚያ በኋላ መድረክ ለመድረክ ዞረ። ካሴቱ የተገኘው እኮ ባሕር ዳር ነው! በአጠገቡ ስንቶቻችን አልፈናል? ደሴ ፒያሳ ከነበሩት ሙዚቃ ቤቶች ስንቱ ካሴት በኩንታል ታስሮ የት እንደተጣለ ማን ያውቃል?

ይሄ የሽማግሌ ወሬ ነው የምትሉ ካላችሁ፣ የናንተም ተራ ደርሷል። የቴዲ አፍሮ «ጥቁር ሰው» በ2004 ዓ.ም. ሲወጣ ሲዲ ነበር። ያን ሲዲ አሁን ማጫወቻ ያለው ማን ነው? ላፕቶፑ እንኳ ሲዲ ማስገቢያ የለውም። የእህቴን ልጅ ስለ አልበሙ ብጠይቃት የአንዱን ዘፈን አዝማች፣ እሱንም የ30 ሰከንድ ቪዲዮ ላይ የሰማችውን፣ ዘፈነችልኝ።

እሺ አልኩ፣ ኢንተርኔቱን ተውኩት። ካሴቶቼ አሉ፣ ቴፑ አለ። ቴፑ ግን ላስቲኩ ቀልጦ ማስቲካ ሆኗል፣ ሲጫወት ማህሙድን እንቅልፍ እንደያዘው ሰው ያጎትተዋል። ይዤው አንድ ጥገና ቤት ሄድኩ። ልጁ ከፈተው፣ ገለባበጠው፣ ከዚያ «አብሽሩ ፋዘር፣ ይሄ ዕቃ አይገኝለትም፣ ካሴት የሚገባበትን ላውጣውና ፍላሽና ብሉቱዝ ልግጠምልዎት» አለኝ። ፋዘር መባሉን ዋጥኩት። ግን ካሴት መስሚያውን ነቅሎ ካሴት ማጫወቻ ሊጠግንልኝ! «ድምፁም ይጨምራል፣ ቤዝ አለው» ሲለኝ ቴፔን አቅፌ ወጣሁ። እዚህ አገር ቤዝ የጨመረ ሁሉ ያሻሻለ ይመስለዋል። የድሮውን ዘፈን ወስደው ቤዝ ይሞሉበትና፣ ዋሻ ውስጥ የተዘፈነ ያስመስሉትና፣ «በአዲስ ጥራት» ይሉታል።

ስለዚህ ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ፣ የተበላሸ የድሮ ቴፕ ቆጥ ላይ ጥሎ ላስቲኩ ግን ደህና የሆነለት ሰው ካለ ኢንቦክስ ያድርግልኝ፣ በደህና ዋጋ እገዛለሁ። ኮምቦልቻ ከሆነ ወርጄ እወስዳለሁ። የማሪቱ ካሴት ከነወረቀቱ ያለውም ቢሆን ያናግረኝ፣ ቡናም ምሳም በእኔ ነው። ሊንክ ግን እንዳትልኩልኝ። ሊንክ የላከ ብሎክ ነው፣ ዘመድም ቢሆን!