ሪዘርቭ ላይ ያለ ፓይለት እረፍት ላይ አይደለም

«ቤቱ ተኝቶ ስልክ እየጠበቀ ደሞዝ ይበላል» የምትሉ ሰዎች እባካችሁ ይሄን እስከ መጨረሻው አንብቡት። አሜሪካ ውስጥ አየር መንገድ የገባ አዲስ ፓይለት የመጀመሪያ ወራቱን፣ አንዳንዴም ዓመታቱን የሚያሳልፈው ሪዘርቭ ላይ፣ ማለትም የተመደበ በረራ ሳይኖረው ለጥሪ ተጠባባቂ ሆኖ ነው፤ ብሶቱም እዚያ ነው ያለው።

እዚያ ሁሉም ነገር በሲኒየሪቲ ነው። ቤዝ (ሥራው የሚጀመርበት ኤርፖርት)፣ የአውሮፕላን ዓይነት፣ የእረፍት ቀን፣ የበዓል ፈቃድ፣ ሁሉም በተቀጠሩበት ቀን ተራ ይመረጣል። በየወሩ ቢድ (የወር ፕሮግራም ምርጫ) ይደረጋል፣ ከላይ ያሉት የታወቀ በረራ ያለውን ፕሮግራም ይወስዳሉ፣ ከታች ያለው ተጠባባቂ ሆኖ ይቀራል። ሰው ሲታመም፣ በረዶ ሲጥል፣ በረራ ሲዘበራረቅ የሚጠራው እሱ ነው። ተጠባባቂ ያስፈልጋል፣ እሱ ላይ ክርክር የለንም። የሚያንገበግበው የሰዓቱ አቆጣጠር ነው።

ሾርት ኮል የሚባለውን፣ በአጭር ጊዜ ጥሪ የሚደረስበትን ተጠባባቂነት ውሰዱ። ፓርት 117 በሚባለው የኤፍኤኤ (የአሜሪካ የአቪዬሽን ተቆጣጣሪ) ደንብ አንድ ፓይለት ለጥሪ ዝግጁ ሆኖ የሚቆየው እስከ 14 ሰዓት ነው። ስኬጁሊንግ (የኩባንያው ሠራተኛ መዳቢ ክፍል) ሲደውል በደቂቃዎች ውስጥ መመለስ አለበት፣ በብዙ ኩባንያ ደግሞ በ2 ሰዓት ገደማ ኤርፖርት መገኘት። አሁን በእኛ አቆጣጠር እናስላው። ተጠባባቂነቱ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ይጀምራል። ከረፋዱ 5 ሰዓት ይደወላል፣ 7 ሰዓት ላይ ሥራ ይገባል። ደንቡ ተጠባባቂነቱንና የበረራ ሥራውን ደምሮ ቢበዛ 16 ሰዓት ይፈቅዳል፤ ስለዚህ እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ሊያበር ይችላል። የቀኑ የመጨረሻ ማረፍ፣ ምናልባት በዝናብና በንፋስ፣ ከነቃ 16 ሰዓት ባለፈው ሰው እጅ ነው። ወረቀቱ ላይ ሁሉም ሕጋዊ ነው።

ክፍያውስ? ተጠባባቂ የሚከፈለው በወር በተወሰነ ዋስትና ነው፤ ብዙ ቦታ ከ70 እስከ 80 የበረራ ሰዓት መካከል ነው። በወር 18 ቀን በ14 ሰዓት ስታባዙት 252 ሰዓት ነው። በዚያ ሁሉ ጊዜ መጠጥ የለም፣ ራቅ ያለ ቦታ መሄድ የለም፣ የልጅ ትምህርት ቤት ዝግጅት ላይ «እመጣለሁ» ማለት የለም።

ከሁሉ የሚብሰው ከቤዝ ርቆ የሚኖረው ነው። ዋሽንግተን አካባቢ ትዳርና ልጅ ያለው የእኛ ሰው ቤዙ ኒው ዮርክ ቢደርሰው በ2 ሰዓት ጥሪ ቤቱ ሊቀመጥ አይችልም። ስለዚህ ክራሽ ፓድ ይከራያል። ክራሽ ፓድ ማለት ኤርፖርት አጠገብ ያለ፣ ተደራራቢ አልጋ የተደረደረበት ክፍል ነው፣ ኪራዩም ከራሱ ኪስ ነው። ደንቡ ከተጠባባቂነቱ በፊት 10 ሰዓት እረፍት፣ ከዚያ ውስጥ 8 ሰዓት ያልተቋረጠ የመኝታ ዕድል ይላል። ግን የላይኛው አልጋ ላይ ያለው ከሌሊቱ 9 ሰዓት አላርሙ ይጮኻል፣ ሻንጣውን ይጎትታል፣ ሻወር ይከፍታል፤ የታችኛው ደግሞ ተራው ቀን 8 ሰዓት ላይ ስለሚጀምር እስከ ረፋድ መተኛት ነበረበት። ከቤት ወደ ቤዝ በጃምፕ ሲት (ለአብራሪዎች በሚፈቀድ ትርፍ መቀመጫ) የሚሄድበት ጊዜም ሥራ ተብሎ አይቆጠርም፤ ከራሱ እንቅልፍ ላይ ነው የሚቆረጠው።

ይሄ የቅንጦት ቅሬታ አይደለም። እ.ኤ.አ. የካቲት 12 ቀን 2009 ባፋሎ አጠገብ የወደቀው የኮልጋን በረራ 3407 መሬት ላይ የነበረን አንድ ሰው ጨምሮ 50 ሰው ገድሏል። ረዳት አብራሪዋ ከሲያትል ሌሊቱን ተጉዛ ነበር ኒውዋርክ የደረሰችው። የዛሬው የድካም ደንብ ከዚያ በኋላ መጥቶ እ.ኤ.አ. በጥር 2014 ሥራ ላይ ዋለ፤ ያውም የጭነት አብራሪዎችን ግዴታው ውስጥ ሳያስገባ። የቤትና የቤዝ ርቀት የዛኔ መወያያ ነበር፣ ዛሬም ለፓይለቱ ኃላፊነት ተትቷል።

ሌላው የሰዓት መገለባበጥ ነው። ሰኞ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ጀምሮ ተጠባባቂ የነበረ ሰው ሐሙስ ከቀኑ 8 ሰዓት ይጀምራል፣ ቅዳሜ እንደገና ወደ ሌሊት። በመሃል 10 ሰዓት እረፍትና በሳምንት ውስጥ 30 ተከታታይ ሰዓት ነፃ ጊዜ እስካለ ድረስ ደንቡ አይከለክልም። ሰውነት ግን እንቅልፉን እንደ ቁልፍ አያበራም፣ አያጠፋም። ከልካይ ካለ የማኅበሩ ኮንትራት ነው፤ ስለዚህ አዲስ የሚቀጠር ሰው ከደሞዙ በፊት የሪዘርቭ ክፍሉን ያንብብ፦ የመነሻ ሰዓቱ በስንት ሰዓት ሊቀያየር ይችላል፣ ስልክ ለመመለስ ስንት ደቂቃ አለ፣ ሎንግ ኮል (ረዘም ያለ ጊዜ ቀድሞ የሚነገርበት ተጠባባቂነት) በቢድ ይገኛል ወይ፣ ያመለጠ ጥሪ በፕሮቤሽን (የሙከራ) ዓመት ምን ያስከትላል?

በጥሪ ጊዜም የተደወለበትን ደቂቃና ተጠባባቂነቱ የጀመረበትን ሰዓት ይጻፍ፣ 16ቱን ራሱ ይቁጠር፤ ስኬጁሊንግ ይሳሳታል። ደክሞት ከሆነ ደግሞ «ደክሞኛል» ብሎ በግልጽ ይናገር። የደንቡ ክፍል 117.5 ለሥራ ብቁ ያልሆነ አብራሪ እንዳይበር ያዛል። እኛም ከኩባንያዎቹ የምንፈልገው ይሄንን ነው፦ የመነሻ ሰዓቱን በአንድ የሪዘርቭ ሳምንት ውስጥ አታገለባብጡ፣ ቤዙን የቀየራችሁበትን አዲስ ሰው ሎንግ ኮል ስጡት፣ «ደክሞኛል» ያለውን ፕሮቤሽን ላይ ያለ ልጅ ቢሮ ጠርታችሁ አታስፈራሩት።